ምልክት የሌላት ፍሬ

ረድኤት ናሆም ሰኞ ሰኞ ከሌላው ቀን ሩብ ሰዓት ቀድማ ከቤት ትወጣለች። ሰኞ ስም የሚነበብበት ቀን ነው።

የበሩ ሥርዓት ግን ከሰኞ እስከ ቅዳሜ አንድ ነው። ጫማ ይወልቃል፣ ይገለበጣል፣ ይመታል። ፀጉር በቀጭን ማበጠሪያ ይበጠራል። ወንዶቹ ሽርጥ፣ ሴቶቹ ድሪያ ለብሰው ይገባሉ፤ ኪስና እጥፋት ያለው ልብስ በድሬዳዋ መሰፋት ካቆመ ሃያ ዓመት አልፎታል። ከዚያ ሁሉም ተራ በተራ ነጭ አቡጀዲ ላይ ቆሞ ራሱን ያራግፋል። ከአቡጀዲው ጎን የምትቆመው ሴት ጎንበስ ብላ ታያለች፣ "ንጹህ" ትላለች፣ ይታለፋል። ሲወጡም ያው ይደገማል። ከተማው ልማዱን ወስዶታል፤ በየቤቱ ደጃፍ፣ በመስጊዱና በቤተ ክርስቲያኑ በር፣ በሠርግ ድንኳን መግቢያ አቡጀዲ ይነጠፋል። ልጆች ሲጣሉ "ሂድ፣ ያልተራገፍክ" ይባባላሉ።

ግቢው የፍሬ ማራገፊያ ነው። ፍሬ የሚሉት ምስር የምታክለውን የፕላስቲክ እንክብል ነው፤ ፋብሪካዎቹ አቅልጠው ጀሪካንም ወንበርም የሚያደርጉት። ከወደብ በባቡር ይመጣል፣ እዚህ ይራገፋል፣ ባዶው ፉርጎ ወደ ወደብ ይመለሳል። ጣጣው ያለው ባዶው ላይ ነው። መጋጠሚያ ውስጥ ተሸጉጣ የቀረች አንዲት ፍሬ ፉርጎው ወደብ ላይ ሲታጠብ ባሕር ትገባለች። የፍሬ አምራቾች ማኅበር በ2040 ዓ.ም. "አንዲት ፍሬ ባሕር አትገባም" ብሎ ቃል ገባ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እያንዳንዷ ፍሬ ምልክት አላት፤ ከየት እንደተነሣች፣ በማን እጅ እንዳለፈች ትናገራለች። ከዚያን ጊዜ ወዲህ የሚመረተው ፍሬ አራት እጥፍ ሆኗል። ይህን ግቢው ውስጥ የሚያነሣ ሰው የለም። ረድኤት ከውጭ በመጣች ሰሞን አንዴ አንሥታው ነበር። የፈረቃው አለቃ ሙራድ የጉንጩን ፂም እያሻሸ "እሱ የላይኞቹ ጉዳይ ነው፤ የኛ ጉዳይ ባዶው ነው" አላት።

ስም የሚነበበው ሥራ ከመጀመሩ በፊት፣ በድምፅ ማጉያ ነው። አንባቢዋ የት እንደምትቀመጥ የሚያውቅ የለም። አትቸኩልም። "ከበርበራ በስተምሥራቅ፣ ከአሸዋ፣ አንድ ፍሬ። ከወደቡ መረብ፣ ሁለት ፍሬ። ከአንድ ዓሣ ሆድ፣ አንድ ፍሬ።" ቀጥሎ የፉርጎው ቁጥር ይጠራል፤ ቀጥሎ "ባዶ ነው" ብሎ የፈረመው ሰው ስም ከነአባቱ። ስሙ የተነበበ ሰው ካለበት አይነቃነቅም፣ ሌላውም ወደ እሱ አያይም። ሦስት ጊዜ የተነበበ አይባረርም። ባሕር ይወርዳል፤ ዳርቻው ላይ ወንፊት ይዞ አሸዋ ይነፋል። የወረዱት ደብዳቤ ይልካሉ። ደብዳቤያቸው ሁሉ ስለ አየሩ ነው።

የረድኤት ስም ሁለት ጊዜ ተነቧል። የፈትሒያ አብዱሰላም ስም በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜም አልተነበበም።

በዚያ ሰኞ የማንም ስም ሳይነበብ ቀረ። ሰዉ ትንፋሹን ለቀቀ። ሙራድ የማራገፊያው ደረጃ ላይ ወጣ።

"ስሙኝማ" አለ። "የመጨረሻ አንኳኪ ካጣን ሁለት ዓመት ሞላን። ከእንግዲህ አይቻልም ተብሏል። ጋሽ ናሆም እስከ ወሩ መጨረሻ ዱላውን ለሰው ካልሰጠ ከወደብ ሰው ይመጣብናል።"

ሁሉም ዞሮ አየ። ዓይኖች ረድኤት ላይ አለፉ፤ ፈትሒያ ላይ አረፉ። ረድኤት ይህን ቆጠረችው።

አንኳኪ ባዶውን ፉርጎ በዱላ እየመታ ያዳምጣል። ባዶ ፉርጎ እንደ ደወል ይጮኻል፤ መጋጠሚያው ውስጥ አንዲት ፍሬ ካለች ከደወሉ ሥር ትንኝ የምታክል ድምፅ ትሰማለች። የሚሰማት ይሰማታል፤ የማይሰማት ዕድሜ ልኩን ቢመታ አይሰማትም። ከሁሉም አንኳኪዎች በኋላ የሚመታው፣ ከሁሉም ፊርማ በታች የሚፈርመው የመጨረሻ አንኳኪ ይባላል። የእሱ ምልክት አንድ የወይራ ዱላ ነው። ኩባንያው በዚህ ጣልቃ አይገባም፤ ዱላው ያለበትን ሰው ይሾማል። ለአሥራ ስምንት ዓመት ዱላው የረድኤት አባት የጋሽ ናሆም ነበር። ሁለት ዓመት ሆኖታል ቤት ተቀምጦ፤ ዱላው ከሳሎኑ በር ጀርባ ተሰቅሏል።

ረድኤት በዱላ አትሠራም። ኖርዌይ፣ ባሕር ዳር ባለች ከተማ አሥራ አንድ ዓመት ተምራ ስትመለስ ቀጭን ቱቦ ይዛ መጣች። መጋጠሚያ ውስጥ ገብቶ የሚያይ ነው፤ ግቢው "ዓይን" ብሎ ሰየመው። ዓይኑ ጎበዝ ነው። የድሬ አቧራ የለበሰች ፍሬን ከጠጠር የማይለየው አልፎ አልፎ ነው። ሁለት ጊዜ።

"አቦ ረዱ" አለቻት ፈትሒያ፣ ወደ ሐዲዱ ሲሄዱ። "ዓይንሽ ዛሬ እንዴት አደረ? ቁርስ ቀመሰ?"

ሴቶቹ ሳቁ።

"አንቺ ጆሮሽን ታጥበሻል?" አለች ረድኤት።

"ዘጠኝ ዓመት አላስነካሁትም። የማይሳሳተው ለሱ ነው።"

የባሰ ሳቁ። ረድኤትም ሳቀች። ፈትሒያ ስምንተኛ ክፍል ያቋረጠች፣ ከረድኤት በሦስት ዓመት የምትበልጥ፣ ስታወራ የሰው ክንድ የምትይዝ ሴት ናት። ክፋት የለባትም። ረድኤት ሁለት ዓመት ሙሉ ፈልጋ አጥታባታለች። ብትታበይ፣ አንድ ቀን እንኳ አፍንጫዋን ብትነፋ፣ ነገሩ እንዴት በቀለላት።

*

ቤታቸው ከዚራ ሰፈር ነው፣ ከግቢው ሁለት መንገድ ወዲህ፣ የዛፎቹ ጥላ ውስጥ። ጋሽ ናሆም ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ወንበሩን ያዞራል። ቀኝ ጆሮው ከተደፈነ ቆይቷል፤ ብረት ነው የበላው። ግራውን ወደ ግቢው ሰጥቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይቀመጣል። ሌላው ሽማግሌ ሬዲዮ እንደሚያዳምጠው።

"ፈቲ ናት" አለ ያን ዕለት፣ ረድኤት አቡጀዲው ላይ ተራግፋ ሳትጨርስ።

"በምን አወቅህ?"

"ሁለት ትመታለች፣ ትጠብቃለች። ፉርጎውን ጠይቃው መልሱን እንደምትጠብቅ።" ፈገግ አለ። "አየሽ? አሁን መለሰላት።"

ረድኤት የሰማችው ብረት ነው። ብረት፣ ከዚያ የባጃጅ ጥሩምባ፣ ከዚያ ብረት።

ባለፈው ሐሙስ አንድ ነገር ሞክራ ነበር። ዓይኑን ሳጥኑ ውስጥ ትታ ዱላ ተዋሰች፤ አባቷ በረንዳ ላይ በሚቀመጥበት ሰዓት ላይ፣ አሥራ ሁለት ፉርጎ አንኳኳች። ሁለት መታች፣ ጠበቀች። እጇ እስኪላጥ። ቤት ገብታ ጫማዋን እያወለቀች፣ እንደዋዛ፣ "ዛሬ ግቢው እንዴት ነበር?" አለችው።

"አንድ እንግዳ ሰው ገብቷል መሰለኝ" አላት። "ብረቱን ይደበድበዋል።"

"አዲስ ሠራተኛ ነው።"

"ለፈቲ ንገሪያት። ታስተምረው።"

ረድኤት ይህን ለማንም አልተናገረችም። የተላጠውን እጇን ግን ለሦስት ቀን ያህል ማዕድ ላይ ደብቃዋለች።

አሁን ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። በግራው በኩል ቦታ አልነበረም፤ በቀኝ ተቀመጠችና ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

"አባዬ፣ ሙራድ ያለውን ሰማህ?"

"ሰምቻለሁ።"

"ታዲያ?"

"ዱላ ተጠይቆ አይሰጥም፣ ረዱዬ። ጊዜው ሲደርስ ራሱ ይሄዳል።"

"የኔ ስም አንድ ነው የቀረው። አንድ ከተነበበ ባሕር ነው የምወርደው።"

"ከግቢው ሰው ሁሉ ባሕር አይቶ የሚያውቅ አንቺ ብቻ" አለና ሳቀ። ሊያጽናናት መሆኑ ነው። እሷ አልሳቀችም። እሱም ትንሽ ቆይቶ ሳቁን ተወው።

አሥራ አራት ዓመቷ ሳለ አባቷ አንድ ቀን ዱላውን በአንድ እጁ፣ በሌላው እጁ ዘይት የጠጣ ወረቀት ይዞ ገብቶ ነበር። ወረቀቱ ውስጥ የተረፈ ሙሸበክ፣ ስኳር የጠጣ ጣፋጭ፣ ነበረ። "ብዪ፤ ዛሬ የአባትሽ ቀን ነው" አላት። ጣቷን እየላሰች "እኔንም አስተምረኝ" አለችው። "አንቺ ተማሪ" አላት። "ይህ ጆሮ የሚበላ ሥራ ነው።" ተማረች። ርቃ ሄደች። ሲደውልላት መጀመሪያ ስለ ጤናዋ፣ ስለ ብርዱ ይጠይቃታል፤ ቀጥሎ ድምፁ ይለወጥና "አንዲት ልጅ መጥታልናለች፣ ጆሮ ያላት" ይላል። ኖርዌይ ውስጥ ዝናብ በሚመታው መስኮት አጠገብ ቆማ፣ ከዓመት እስከ ዓመት፣ አባቷ ለእሷ ክፉ ነው ብሎ የከለከላትን ሥራ ለሌላ ሰው ልጅ ሲያስተምር ያገኘውን ደስታ ስታዳምጥ ኖረች።

ከግቢው ብረት ጮኸ።

"ፈቲ" አለ ጋሽ ናሆም ለራሱ።

*

የሳሎኑ መሳቢያ ውስጥ ቁልፎችና አሮጌ መነጽሮች መሐል የክብሪት ቀፎ አለ። ቀፎው ውስጥ አንዲት ፍሬ አለች። ጋሽ ናሆም ገና ጀማሪ ሳለ ያገኛት የመጀመሪያ ፍሬው ናት፣ ምልክት ከመጀመሩ አሥር ዓመት በፊት። እንደ አሮጌ ጥርስ ቢጫ ሆናለች፤ አንድ ጎኗ ላይ የንክሻ ምልክት አለ። ያኔ ምን እንደሆነች ለማወቅ ነክሷት ነበር። ቤት ውስጥ ፍሬ ማስቀመጥ ክልክል ከሆነ ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው። ይህቺ ግን ምልክት ስለሌላት በሩ ላይ ምልክት የሚያነበው መሣሪያ አያያትም። በማን እጅ እንዳለፈች አትናገርም።

ማክሰኞ ጠዋት ረድኤት መሳቢያውን ከፈተች። አባቷ ፊቱን እየታጠበ ነበር።

በሩ ላይ ጫማዋን ገለበጠች፣ ፀጉሯን ተበጠረች፣ አቡጀዲው ላይ ቆማ ድሪያዋን አራገፈች። ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ አየች።

"ንጹህ።"

ረድኤት ራሷን ነቅንቃ አለፈች። መናገር አልቻለችም፤ ፍሬዋ ምላሷ ሥር ነበረች። ክብሪት ክብሪት ትላለች።

ፈረቃው ሲያበቃ፣ ሰዉ ወደ በሩ ሲሰለፍ፣ ፉርጎ 317 አጠገብ ቆመች። ጎኑ ላይ የፈትሒያ ፊርማ አለ፣ ሕፃን እንደጻፈው ትልልቅ ሆኖ። በታችኛው መዝጊያ እጇን አስገባች። ፍሬዋን ከማጠፊያው ሥር፣ ብሎኑና ላሜራው ከሚገናኙበት፣ በጥፍሯ ገፋቻት። ባቡሩ በማግስቱ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ይነሣል። ወደብ ላይ ሲታጠብ መረቡ ይይዛታል። ሰኞ "ከወደቡ መረብ፣ አንድ ፍሬ፣ ፉርጎ 317" ይባላል። ምልክት ኖራትም አልኖራትም ፉርጎው ውስጥ የተገኘች ፍሬ በፈራሚው ስም ትነበባለች።

አንድ ጊዜ ብቻ፣ አለች ለራሷ። ከዘጠኝ ዓመት አንድ ጊዜ። ይህ እንደኛ ሰው ያደርጋታል እንጂ አይጎዳትም። መረቡ ደግሞ ይይዛታል።

ከመረብ ስለሚያመልጠው ነገር ሰማንያ ገጽ ጽፋ ነበር የተመረቀችው።

*

ረቡዕ ባቡሩ በሰዓቱ ተነሣ። ረድኤት ቀኑን ሙሉ ለሰው ሁሉ ደግ ሆነች። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቤት ገብታ ለአባቷ ውኃ እየቀዳች ሳለ በረንዳው ላይ ድሪያ ሲራገፍ ሰማች።

"ሰው የለም እንዴ እዚህ ቤት?"

ፈትሒያ ናት። አንድ እጇ ላይ ዘይት የጠጣ ወረቀት፣ ሌላኛው እጇ ጭብጥ። የሆነ ነገር ሊያፈነዳት ደርሶ አፏን ዘግታ ትስቃለች።

"ነይ ፈቲ፣ ግቢ" አለ ጋሽ ናሆም፣ ወንበሩን ሳያዞር።

በግራው በኩል ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለች። ቦታዋ ነው። ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠችለት፤ የሙሸበክ ሽታ በረንዳውን ሞላው። ከዚያ ጭብጧን ከፈተች።

"አገኘኋት" አለች።

ጋሽ ናሆም መዳፏ ላይ ያለችውን አየ። ረጅም ጊዜ አየ።

"ምኗን?" አለ።

"አቦ ተወና! አሁን ደግሞ ልትክደኝ ነው? ፉርጎ 317፣ የታችኛው መዝጊያ፣ ማጠፊያው ሥር። ማታ መትቼ፣ ፈርሜ ሄድኩ፤ ምንም አልነበረም። ጠዋት፣ ብረቱ ሲቀዘቅዝ፣ እንዳስተማርከኝ ደግሜ ብመታው አለች። አንዲት ቀጭን። እጄን ሰድጄ ሳወጣት ያቺው ያሳየኸኝ ናት፤ የአንተ ጥርስ አለባት!" ሳቋ አመለጣት። "ለብቻዬ ከሐዲዱ ላይ ቁጭ ብዬ ስስቅ ባቡር ነጂው አበደች ብሎኛል። በበሩ ምላሴ ሥር አድርጌ አሳለፍኳት።"

ረድኤት የውኃውን ብርጭቆ እንደያዘች በሩ ላይ ቆማለች። ፈትሒያ ወደ እሷ ዞረች።

"አንቺ እኮ አታውቂውም ረዱ፣ ሲነግረን ውጭ ነበርሽ። የአንኳኪ ሕግ ነው። ዱላ ያለው ሰው ለማንም ሳይናገር ከተማሪው ፉርጎ ውስጥ ፍሬ ያስደብቃል። ያገኘ ሰው ጣፋጭ ይዞ ይመጣል። አባትሽም ከጌታው የወሰደው እንዲሁ ነው። ያላገኘ ደግሞ…"

"ያላገኘ ስሙ ይነበባል" አለ ጋሽ ናሆም።

ባጃጅ አለፈ። ከመስጊዱ በኩል አንድ ሰው ልጁን ተጣራ። ጋሽ ናሆም ረድኤትን አላያትም። በተከፈተው በር በኩል መሳቢያውን አየ፤ ቀጥሎ ብርጭቆ የያዘ እጇን አየ። ሁለት ዓመት ሙሉ አባቷ በእንዲህ ዓይነት ጥሞና አዳምጧት አያውቅም፤ አንዲት ቃል ግን አልተናገረችም።

"ማንን ልከህ እንዳስገባሃት ብቻ አልገባኝም" አለች ፈትሒያ። "ሙራድ ነው አይደል?"

"ሙራድ ነው" አለ።

"አውቄዋለሁ! ያ ቀጣፊ!"

"እንዳትጠይቂው። ይክድሻል።"

"እንዴ፣ እንዴት ነው የማልጠይቀው?"

"ሕጉ ነው ፈቲ። አይጠየቅም።" ፍሬዋን ከመዳፏ አነሣ። "ረድኤት" አለ። ሁልጊዜ ረዱዬ ነው የሚላት። "ዱላውን አምጪልኝ።"

ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀምጣ ገባች። ዱላው ከበሩ ጀርባ ባለበት ተሰቅሏል። ነክታው አታውቅም ነበር። ከጠበቀችው በላይ ቀላል ነው፤ መያዣው ላይ የሦስት ሰው መዳፍ ያለሰለሰው ጎድጓዳ አለ። አውራ ጣቷን እዚያ ላይ አሳረፈች። ልክ ሆነላት። ከበሩ እስከ በረንዳው ስድስት እርምጃ ነው።

ለአባቷ ሰጠችው። አባቷ ለፈትሒያ ሰጣት። ፈትሒያ ዱላውን ግንባሯ ላይ አሳርፋ፣ የጋሽ ናሆምን ጉልበት ሳመች፤ ከዚያ አለቀሰች፣ ሳታፍር፣ አፍንጫዋን በሻሿ እየጠረገች። ሲወጣላት ወረቀቱን ፈታችና የመጀመሪያውን ቁራሽ ለረድኤት ዘረጋችላት።

"እንቺ። አንቺ ነሽ መጀመሪያ የምትቀምሺው። የቤቱ ልጅ።"

ረድኤት በላች። ስኳሩ ምላሷ ላይ ሟሟ። ምላሷ ሥር ግን አሁንም ክብሪት ክብሪት ይላል።

*

ፈትሒያ ለማታው ባቡር ወደ ግቢው ስትመለስ ጋሽ ናሆም ፍሬዋን መዳፉ ላይ አንከባለላት።

"ሠላሳ ስምንት ዓመት ከባሕር ጠብቄያታለሁ" አለ።

"አባዬ፣ እኔ…"

"ቆይ።"

ወንበሩን አዞረ። ግራ ጆሮውን ከግቢው አንሥቶ ወደ እሷ አመጣ። ረድኤት ይህ ከዚህ በፊት የሆነበትን ቀን አታስታውስም።

"ማጠፊያው ሥር ነው የነበረችው?"

"የታችኛው መዝጊያ።"

"ከውጭ ነው ከውስጥ?"

"ከውስጥ። ብሎኑና ላሜራው የሚገናኙበት።"

ጋሽ ናሆም ዓይኑን ጨፈነ። ቦታውን በሐሳቡ እየዳሰሰው እንደሆነ ያስታውቃል። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ የደከመ ሰው ፊት ነው።

"እኔም ብሆን እዚያ ነበር የማስቀምጣት" አለ።

ተነሣ። ፍሬዋን ክብሪት ቀፎው ውስጥ ከተተ፤ ቀፎውን ግን መሳቢያው ውስጥ አልመለሰውም። ይዞት መኝታ ቤቱ ገባ፣ በሩን ዘጋ። ራቱን አልጠየቀም።

ረድኤት ባለችበት ቆመች። ጉንጯ ሞቋል። ከውጭ ከተመለሰች ጀምሮ ስለ ሥራዋ ያመሰገናት አሁን ነው፣ በዚህ ነገር። ደስ እንዳላት አወቀች፤ ማወቋ አስጠላት፤ ያም ሆኖ ከተዘጋው በር ፊት ለፊት፣ ምናልባት ቢደግመው ብላ፣ ጥቂት ቆየች።

አልደገመውም።

ከግቢው በኩል ሁለት ምት ተሰማ። ከዚያ ዝምታ። ከዚያ ፉርጎው መለሰ።

ፈትሒያ ናት። ረድኤት ሳትጠራጠር አወቀቻት። ሌላ ማንም ቢመታ አትለየውም ነበር።